ሸክላው ምን ላይ ይተኛ?

ሶማሌ ተራ፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ፣ ሻጩ ጥቅል ሉሁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋና "ወንድሜ፣ ለምን መኪና ነው?" ሲል ጠየቀ። ሉሁ የቡሽ ፍርፋሪና ጎማ ተቀላቅሎ የተጋገረበት፣ መካኒኮች የሞተር ጓርኒሲዮን የሚቆርጡበት ቡናማ ነገር ነው። ደንበኛው "ለመኪና አይደለም፤ ለሸክላ ነው" አለ። ሻጩ ጥቂት አሰበ።

"ድስት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጓርኒሲዮን የሚፈልገው?"

ሁለቱም ሳቁ። ደንበኛው ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ሉህ ግማሽ ሜትር አስቆርጦ፣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ። የዚያን ቀን ማታ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የጎመን መክተፊያው ተነሣና በቦታው ኮምፓስ፣ መቀስ፣ የጫማ ሰፊ ቢላዋና ካሊፐር ተደረደሩ። ባለቤቱ ከበሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። "አንተ፣ እውነት ለዘፈን ነው ይኼ ሁሉ?" ብላ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ሰውየው አርባዎቹን ያጋመሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ መሳቂያ እንዳይሆን ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ከአባቱ የወረሰው አንድ ካርቶን ሙሉ ባለ 45 ዙር ሸክላና ጥቂት ሎንግ ፕሌይ አለው፤ ማጫወቻው ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ነው። ችግሩ የጀመረው ማጫወቻው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የጎማ ምንጣፍ በዕድሜ ብዛት ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆና ጠርዙ ወደ ላይ ተጠምዝዞ በመገኘቱ ነው። ሸክላው የሚተኛበት ያ ጥቁር ክብ ጎማ ከሌለ ከሥሩ ያለው እርቃኑን የቀረ የአሉሚኒየም ሳህን ነው። ሳህኑን በጣት ጥፍር ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል።

ይኼ ጩኸት መርፌው ጋ ይደርሳል? ከደረሰስ ምን ዓይነት ምንጣፍ ያፍነዋል? ይኼን ጥያቄ እሱ የፈጠረው አይደለም። ከጃፓን እስከ እንግሊዝ፣ ከአሜሪካ እስከ ጀርመን፣ ሸክላ የሚወዱ ሰዎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ቆዳ፣ ቡሽ፣ ፌልት፣ መስታወት፣ መዳብ፣ ወረቀትና የዮጋ መለማመጃ ስፖንጅ ሳይቀር እየቆረጡ ከሸክላቸው ሥር ሲያነጥፉ ኖረዋል።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አለመሆኑን ለማየት ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሸክላው እየዞረ፣ መርፌው ሸክላው ላይ በተቀረጸው ቦይ ውስጥ ሆኖ፣ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ሙሉ በሙሉ መዝጋትና ጆሮን መርፌውን ወደያዘው ክንድ ማስጠጋት ነው። ዘፈኑ ይሰማል! ቀጭን ነው፣ ባስ የለውም፣ ትንኝ የምታንጎራጉረው ይመስላል፤ ነገር ግን ዜማው በደንብ ይለያል። ስፒከሩ በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። የቦዩ ግድግዳ መርፌውን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው መርፌውም በተራው ሸክላውን ይገፋል። የተገፋው ሸክላ ይነዝራል፤ ያም ንዝረት በፕላስቲኩ ውስጥ ተጉዞ፣ ከሥሩ ያለውን ነገር ነክቶ፣ ከፊሉ ተመልሶ ወደ መርፌው ይመጣል። መርፌው ደግሞ የዘፋኙን ድምፅ ከተመላሹ ንዝረት የሚለይበት መንገድ የለውም። የነካውን ሁሉ ያነባል።

የሚነበበው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገር። ሎንግ ፕሌይ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 1.8 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። በውጭኛው ጠርዝ ላይ ቦዩ ከመርፌው ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ወደ መሃል፣ ወደ ወረቀቱ ሲጠጋ ግን ፍጥነቱ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እዚያ ጋ የ10,000 ኸርዝ ድምፅ የአንዷ ሞገድ ርዝመት 20 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከራስ ጠጉር ውፍረት በብዙ ያንሳል። ርዝመቱ ይኼ ሲሆን፣ ለስለስ ያለ ድምፅ መርፌውን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ከአንድ ማይክሮን ባነሰ ልክ ነው።

ይኼ እንቅስቃሴ መርፌው በተገጠመበት ካርትሬጅ ውስጥ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል ተራውን ባለማግኔት ካርትሬጅ 100 እጥፍ፣ ደካማውን ባለጥቅል ካርትሬጅ ደግሞ 1,000 እጥፍ ያህል ማጉላት አለበት። ሌላም ጉድ አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ካልሆነ ቦዮቹ እየሰፉ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ሲጫወት ደግሞ ተመልሶ ይጨመራል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዓለም የተስማማበት አርአይኤኤ የሚባለው መለኪያ በ20 ኸርዝ ላይ ያለውን ድምፅ፣ ከመካከለኛው ጋር ሲነጻጸር፣ አሥር እጥፍ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የሞተሩ ጉርምርምታ፣ የወለሉ ንዝረት፣ ጎረቤት በሩን ሲያጋጭ፣ ሁሉም የዚህ ችሮታ ተካፋይ ናቸው።

ስለዚህ ሸክላው የሚተኛበት ነገር ለውጥ ሊያመጣ መቻሉ ምኞት አይደለም፤ ፊዚክስ ነው። ክርክሩ ያለው ለውጡ በምን ያህል፣ ወዴት፣ ደግሞስ በማን ጆሮ በሚለው ላይ ነው።

በቤት ውስጥ ከተሠሩ ምንጣፎች ሁሉ ታሪክ የቀየረው አንዱ ግን ለድምፅ ጥራት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ጆሴፍ ሳድለር የሚባል ከባርባዶስ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ሸክላን በእጁ ወደ ኋላ እየመለሰ አንዱን የከበሮ ክፍል ደጋግሞ ማጫወት ይፈልጋል። የጎማው ምንጣፍ አላስቻለውም፤ ሸክላውን አንቆ ይይዘዋል፣ ሸክላው ሲያዝ ሳህኑም ሞተሩም አብረው ይጎተታሉ። ጨርቅ ቤት ሄዶ ፌልት የሚባለውን የተጠቀጠቀ ሱፍ አገኘ፤ ይኼኛው ይንሸራተታል፣ ግን ልፍስፍስ ነው። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የእናቱን የልብስ ስታርች ረጭቶ፣ በካውያ ተኩሶ፣ ክቡን እንደ ቂጣ አደረቀው። ሳህኑ ከሥር ሳያቋርጥ ይዞራል፣ ሸክላው ከላይ በጣቱ ይታዘዛል። ልጁ በኋላ ዓለም ግራንድማስተር ፍላሽ ብሎ ያወቀው ነው፤ ዛሬ በየጭፈራ ቤቱ ዲጄዎች የሚያነጥፉት ፌልት የዚያ የካውያ ሥራ የልጅ ልጅ ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሬጋ የተባለው ፋብሪካ ፌልትን በሌላ ምክንያት መረጠ። በ1977 ያወጣው ፕላናር 3 ሳህኑ መስታወት፣ ምንጣፉ ስስ ፌልት ነው። ጃፓኖቹ ደግሞ ወዲህና ወዲያ ሄዱ። ማትሱሺታ በ1972 ያወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 በወፍራም ጎማ ላይ ተማምኗል፤ ሉክስማን ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አየሩን ከሥር መጥጦ ሸክላውን ከሳህኑ ጋር የሚያጣብቅ ማጫወቻ እስከ መሥራት ደረሰ። እንግሊዛዊው ሪንግማት በተቃራኒው ከወረቀት ክብ ላይ የቡሽ ቀለበቶች ለጥፎ ሸክላው እምብዛም ምንም እንዳይነካ አደረገ። አንዱ "አጥብቀህ ያዘው" ይላል፣ ሌላው "ልቀቀው" ይላል፤ ሁለቱም ደንበኛ አላጡም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው እንዲህ ከተለያዩ፣ የሶማሌ ተራው ደንበኛ መቀስ ማንሣቱ አያስገርምም።

የመጀመሪያው ክብ አልተሳካም። የኮምፓሱ እግር ተንሸራተተና የመሃሉ ቀዳዳ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሸሸ። ሁለተኛው ሰመረለት፤ ስፋቱ 29.5 ሳንቲ ሜትር፣ በመሃሉ ደግሞ አሥር ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ክብ ተቆርጦ የወጣበት። ይኼ የመጨረሻው ብዙ ጀማሪ የሚዘነጋው ነው። የሎንግ ፕሌይ ሸክላ ወረቀቱ የተለጠፈበት መሃሉና ጠርዙ ከሙዚቃው ክፍል ይልቅ ወፈር ይላሉ። ምንጣፉ ዝርግ ከሆነ ሸክላው በመሃሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሙዚቃው ያለበት ክፍል ምንም አይነካም፣ ምንጣፉም ከንቱ ይሆናል።

ቀጥሎ ቆዳ መጣ። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ከቶኪዮ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት በዓለም ላይ የታወቀ ነው፤ ጥሩ ቁራጭ ለማግኘት ሩቅ አያስኬድም። ግን ቆዳ የእንስሳ ገላ ነው፤ ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ሆዱ ላይ ስስ ነው። ካሊፐሩ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት አሳየ። ሸክላው በዞረ ቁጥር ክንዱ ትንሽ ወጣ፣ ትንሽ ወረደ ማለት ነው። ሌላ ቁራጭ፣ ከጀርባው ብቻ፣ ተፈልጎ ተገዛ። ቀለም የተቀባ ወይም ቅባት የጠጣ ቆዳ አይሆንም፤ ቅባቱ ወደ ቦዩ ይገባል።

ከዚያም ጉዞው ወደ አንድ ማስታወቂያ ሠሪ ቤት ሆነ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር የአክሪሊክ ትርፍራፊ ለማግኘት። ከዚያ የልጁ የትምህርት ቤት ፌልት። አንድ ቀን ደግሞ፣ ማንም ሳያየው፣ ከሰሌን ምንጣፍ ላይ አንድ ክብ ቆረጠ። የሰሌኑ ውጤት በሁለት ቃል ይጠቃለላል፤ ተንኳኳ፣ ተጣለ። ሙሻማ ለመሞከርም አስቦ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ለስላሳ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ዘይታማ ቅመም በጊዜ ብዛት ወደ ሸክላው ይሻገራል፣ ሸክላው ላይም የማይለቅ ጭጋግ ይተዋል። ብረት የሚያምራቸውም ይጠንቀቁ። በ1957 የወጣው የስዊስ ቶረንስ ቲዲ 124 ሳህኑ ከባድ ብረት በመሆኑ ጠንካራ ማግኔት ያላቸውን ካርትሬጆች ወደ ታች ይስባቸው ነበር፤ የቆርቆሮ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰውም ይኼንኑ ችግር በገዛ እጁ ይጋብዛል።

አክሪሊኩ ለምን ተመረጠ? ይኼ በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ቆንጆ ሐሳብ ነው። ድምፅ ከአንድ ቁስ ወደ ሌላ ሲሻገር ምን ያህሉ እንደሚያልፍና ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚወስነው የቁሶቹ እፍጋትና ድምፅ በውስጣቸው የሚሮጥበት ፍጥነት ተባዝቶ የሚሰጠው ቁጥር ነው። የሁለቱ ቁጥር ከተቀራረበ ድምፁ ድንበሩን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል፤ ከተራራቀ ይመለሳል። ሸክላ የሚሠራበት ፒቪሲና አክሪሊክ በዚህ ቁጥር መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። አሉሚኒየም ግን አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በስሌቱ ከሸክላው ወደ አሉሚኒየሙ ከሚሄደው ጉልበት ግማሽ የሚጠጋው ይመለሳል። አየርማ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ከሥሩ አየር ካለው ሁሉም ነገር ማለት ይቻላል ተመልሶ ይመጣል። አክሪሊክ ሳህን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ይኼን ስሌት በማስታወቂያቸው ላይ ማንሣት ይወዳሉ።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ታሪኩ ግን ሙሉ አይደለም። ድምፅ በፒቪሲ ውስጥ በሰከንድ ወደ 2,400 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የ1,000 ኸርዝ ድምፅ በሸክላው ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ ሸክላው ራሱ ደግሞ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ሜትር የሆነች ሞገድ በሁለት ሚሊ ሜትር ውስጥ ስትመላለስ ማሰብ ዝሆንን በመርፌ ቀዳዳ እንደማሾለክ ነው። ሸክላው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ይተጣጠፋል፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባል። ለእንዲህ ያለ መርገብገብ ወሳኙ ጥያቄ ምንጣፉ ሸክላውን የቱን ያህል በሙሉ ገላው ይነካዋል፣ እንቅስቃሴውንስ ወደ ሙቀት ለውጦ ይበላዋል ወይ የሚለው ነው። ቡሽና ጎማ የተቀላቀለበት የጓርኒሲዮን ሉህ በዚህ በኩል ለሞተር የተሠራበት ጠባይ ለሸክላም ይጠቅመዋል፤ ይታዘዛል፣ ይሞላል፣ ያፍናል። ጠንካራው አክሪሊክ ደግሞ በወረቀት ላይ የሚያምረው ቁጥሩ ሥራ ላይ የሚውለው ሸክላው ፍጹም ዝርግ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ከተኛበት ብቻ ነው። ስንቱ ሸክላ ነው ፍጹም ዝርግ?

በመጀመሪያው ሳምንት የተሰማው ለውጥ ግን ይኼን ሁሉ ፍልስፍና አስረሳው። አሮጌውን ጎማ አንሥቶ የጓርኒሲዮኑን ክብ ሲያነጥፍ ጥሩንባው ጠራ፣ ጸናጽሉ ደመቀ፣ ዘፋኙ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ባለቤቱን ጠራ። "ይሰማሻል?" አላት። "ይሰማኛል" አለችው፤ ምን እንደተሰማት ግን አልተናገረችም።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ናት ነገሩን ያበላሸችው። በሳይንስ ትምህርት ስለ ሙከራ ተምራ ነበርና "አባዬ፣ አንተ እያየህ ከሆነማ ማወቅህ አይቀርም" አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ፤ እሷ ሳንቲም እየወረወረች፣ በወጣው መሠረት አንዱን ወይም ሌላውን ምንጣፍ እያነጠፈች፣ የዘፈኑን ተመሳሳይ ሠላሳ ሰከንድ አጫወተችለት፤ መልሱንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከ10 ጊዜ 9ኙን መታ። በሳንቲም ግምት 9ና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል ከ100 አንድ ያህል ነው። አባትየው ደረቱን ነፋ።

ግን አንድ ነገር ረስቷል። አሮጌው ጎማ አራት ሚሊ ሜትር ነበር፣ አዲሱ ሁለት። ምንጣፉ ሲሳሳ ሸክላው ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ክንዱ ግን በነበረበት ከፍታ ቀርቷል። የተለመደ ክንድ 23 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይረዝማል፤ አራት ሚሊ ሜትር የከፍታ ለውጥ የመርፌውን አንግል በአንድ ዲግሪ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ደግሞ በግማሽ ዲግሪ ይቀይረዋል። የመርፌው አቀማመጥ ሲቀየር ከፍተኛው ድምፅ ላይ የሚሰማ ለውጥ ሊመጣ ይችላል፤ ክንዱ ከነጭራሹ አግድም ካልሆነ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም ጥቂት ይነቃነቃል። አንድ ምንጣፍ "አደመቀ"፣ ሌላው "አለሰለሰ" እየተባለ ከሚወራው ስንቱ የቁሱ ጠባይ፣ ስንቱ የውፍረቱ ሥራ እንደሆነ ማን ለይቶት ያውቃል? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግምት አብዛኛው የውፍረቱ ነው የሚል ነው።

የሰውየው ማጫወቻ የክንድ ከፍታ ማስተካከያ አለው። ለእያንዳንዱ ምንጣፍ ክንዱ እንዲስተካከል ተደርጎ፣ ሚዛኑ ተፈትሾ፣ ፈተናው እንደገና ተደረገ። በዚህ ምክንያት አንዱ ዙር ብቻ ከሰዓት በላይ ፈጀ፤ በመካከሉ መብራት ሄዶ መጣ። ውጤቱ ከ10 ስድስት። በሳንቲም የሚገምት ሰውም ስድስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 38 ነው። ልጅቱ ደብተሩን ዘግታ ምንም ሳትናገር ተኛች፤ ይኼ ከመናገር የከፋ ነበር።

እንግዲህ ሁሉም ከንቱ ነው? አይደለም። በማግስቱ ሌላ ፈተና ተደረገ፣ ጆሮ የማይጠየቅበት። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መርፌው በቆመ ሸክላ ላይ ተቀምጦ፣ የሳህኑ ጠርዝ በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብሎ ይመታል፤ መርፌው የሰማው በኮምፒዩተር፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይቀረጻል። ሸክላው ባዶ አሉሚኒየም ላይ ሲሆን የአንዱ ምት ሥዕል ረጅም ጭራ አለው፤ ደወሉ እስኪሞት ጊዜ ይወስዳል። ፌልቱ ላይ ጭራው አጠረ፣ ጓርኒሲዮኑ ላይ ይበልጥ አጠረ፣ ቆዳውም ከእሱ ብዙ አልራቀም። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው። በሙዚቃ መካከል፣ ከብዙ ዓመት በፊት በተቀረጸ ጆሮ ጠገብ ዘፈን ውስጥ፣ ያ ጭራ ይሰማል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የመለኪያ መሣሪያ የሚሠራው የዴንማርኩ ብሩኤል ኤንድ ኬር እንኳ በ1977 በሸክላ ማጫወቻ ውስጥ ስላሉ ሜካኒካዊ ንዝረቶችና ለጆሮ ስለመሰማታቸው ጥናት እስከ ማውጣት ደርሷል፤ ጉዳዩ የቤት ውስጥ ቀልድ ብቻ አለመሆኑ ከዚህም ይታያል።

ፌልቱ ግን በሌላ ምክንያት ወደቀ። በአዲስ አበባ በጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ሱፍና ፕላስቲክ ሲተሻሹ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ሸክላውን ባነሣ ቁጥር ፌልቱ ከሥሩ ተጣብቆ አብሮ ይነሣና መንገድ ላይ ይወድቃል። አንድ ጊዜ መርፌው ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

የአባቱን ካርቶን ሲከፍት ደግሞ ማንም የውጭ መመሪያ ያልነገረው ችግር ገጠመው። የተሸጡም የተጻፉም ምንጣፎች በሙሉ ማለት ይቻላል የታሰቡት ለሎንግ ፕሌይ ነው። የአማርኛ ዘፈን ወርቃማ ዘመን ግን የተቀመጠው በትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ላይ ነው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው የሚለውን ሕግ ደፍረው አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁሙ፣ የመጀመሪያዎቹን የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች ህንድ አገር ያሳተሙት በባለ 45 ዙር ሸክላ ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ሎንግ ፕሌይ አወጡ፤ ሬሾው ራሱ ይናገራል። ትንሿ ሸክላ ስፋቷ ከ18 ሳንቲ ሜትር በታች ነው፤ ቀላል ናት፣ በትንሽ ነገር ትጣመማለች፣ ጠርዙ ከፍ ባለ የፋብሪካ ምንጣፍ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ዙሪያዋ አየር ላይ ይቀራል። በደቂቃ 45 ጊዜ ስትዞር የሚነካት የለም።

ለእሷ የተለየ ምንጣፍ ተቆረጠ፤ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ የበግ ቆዳ፣ መሃሉ ለወረቀቷ ከዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ጥቂት ሰፍቶ የተከፈተ፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት ስስ የጓርኒሲዮን ክብ ያለው። የሁለቱ ውፍረት ተደምሮ ከሎንግ ፕሌዩ የጓርኒሲዮን ክብ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል፤ ክንዱን መነካካት አያስፈልግም። ከሁሉም ሙከራ ሰውየው በእርግጠኝነት የሚያሳየው ውጤት ይኼ ነው፤ በፊት ትንሸራተትና ትንገላታ የነበረችው ሸክላ አሁን ፀጥ ብላ ትዞራለች። ልጅቱም ሳትታለል አመነች፤ በዓይን ይታያላ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከምንጣፍ አልነበረም። የስቴሪዮ ሸክላ ቦይ የግራና የቀኙን ልዩነት የሚይዘው በመርፌው ወደ ላይና ወደ ታች እንቅስቃሴ ነው። በሞኖ የተቀረጸ ሸክላ ግን ሙዚቃው ያለው በጎንዮሽ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው ሁሉ፣ የሸክላው መርገብገብ፣ ከሞተሩ የሚመጣው ጉርምርምታ ከፊሉ፣ አቧራው፣ ጭረቱ፣ ሙዚቃ አይደለም። የአሮጌው አምፕሊፋየር ፊት ላይ ለዓመታት ማንም ያልነካት አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ "ሞኖ" የምትል። ሲጫናት ግራና ቀኙ ይደመራሉ፣ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ንዝረት ደግሞ እርስ በርሱ ይጣፋል። የአባቱ ሞኖ ሸክላዎች ላይ ጫናት። ያ ሁሉ ጉርምርምታና ጭረት ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ዘፋኙ መሃል ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ይኼኛውን ፈተና ልጅቱ ዓይኑን ሸፍና ደገመችለት፤ ከ10 አሥር። ቁልፏን ለመግዛት ሶማሌ ተራ መሄድ አላስፈለገም።

አሁን ማጫወቻው ላይ ለሎንግ ፕሌይ የጓርኒሲዮኑ ክብ፣ ለትንንሾቹ ቆዳው ይነጠፋል። አክሪሊኩ መስኮት ላይ ተደግፎ ይታያል፤ ሊሞክረው ገና ያልጨረሰው ሐሳብ አለኝ ይላል። ፌልቱ ወደ ትምህርት ቤት ቦርሳ ተመልሷል። የመጀመሪያው የጓርኒሲዮን ክብ፣ መሃሉ ወደ ጎን የሸሸው፣ ጥቂት ቀን ከፍሪጁ ላይ ቆይቶ ነበር። አንድ እሑድ ባለቤቱ ከምድጃ የወረደ ትኩስ ዶሮ ወጥ የያዘ የሸክላ ድስት በሁለት እጇ ይዛ ማሳረፊያ ስታማትር አገኘችውና ጠረጴዛው ላይ አንጥፋ ድስቱን አስቀመጠችበት። ልክ ነበር።